ከቁርስ በኋላ የተባለው ክኒን

ይዘንጋሽ ከሞላሌ ከተማ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ርቃ፣ ገደሉን ተጠግታ በተሠራች የድንጋይ ቤቷ ብቻዋን ትኖራለች። ባሏ ወዳጆ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሸማኔ ነበር። እሷ የበግ ጠጉር ትፈትላለች፣ እሱ ባና ይሠራዋል። ብርዱ አጥንት በሚሰብርበት አገር ያን ወፍራም ባና ተከናንቦ ማደር የማይፈልግ ስለሌለ እጃቸው ቦዝኖ አያውቅም ነበር። ወዳጆ ሲሞት እንግዲህ እንዝርቷንም ትሰቅላለች ብሎ ያልገመተ የለም። አልሰቀለችም። አርባው በወጣ ማግስት ቁጭ ብላ ፈተለች። ፈትሉን ለሌላ ሸማኔ ትሰጣለች፣ አራት በጎቿን ታያለች፣ ከጎረቤቷ ከአያልነሽ ጋር ትጫወታለች፣ ትኳረፋለች፣ ትታረቃለች። ከዚህ የተሻለ ኑሮ ይኑር አይኑር አታውቅም፤ ፈልጋውም አታውቅም።

ታዲያ ባለፈው ዓመት፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ ራስ ምታት ያዛት። ማጅራቷን ጨምድዶ ይይዝና እስከ ግንባሯ ይወጣል። አያልነሽ እያዋከበች ጤና ጣቢያ ወሰደቻት። ጤና መኮንኑ ቴዎፍሎስ፣ ለጋ ወጣት ነው፣ ክንዷን በጨርቅ ጠቅልሎ ለካና ደም ግፊት እንዳለባት ነገራት።

ይዘንጋሽ በልጅነቷ ያየችው ሕክምና ሌላ ነበር። ያን ጊዜ በዓመት አንዴ ወይ ሁለቴ በበቅሎ የሚመጣ መርፌ ወጊ ነበር። የቆርቆሮ ሣጥኑን ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ይከፍታል፣ ሰው ይሰለፋል። ምን እንደሚወጋ አይናገርም፤ የሚጠይቀውም የለም። ለሆድ ቁርጠቱም ለሳሉም ያው አንድ መርፌ ነው። የዳነ ያመሰግናል፣ ያልዳነ ዕድሌ ነው ይላል። አሁን ግን ከክኒኑ ጋር ወረቀት ጨምረው ሰጧት፤ ያውም ባለ ሥዕል።

ይህ ወረቀት ራሱን የቻለ ታሪክ አለው። ወሰንየለሽ የሚሏት፣ እዚያው አቅራቢያ ያለችው የቀየት ተወላጅ ልጆቿን ተከትላ አዲስ አበባ ገብታ ስትኖር፣ ከሁለት ሐኪም ቤት የተሰጣትን አንድ ዓይነት መድኃኒት በሁለት ስም ስትውጥ ቆይታ ሞተች። ልጆቿ አልቅሰው አልቀሩም፤ በእናታቸው ስም በጎ አድራጎት ድርጅት አቋቋሙ። ድርጅቱ መድኃኒት አይገዛም፣ ሕንፃም አይሠራም። ሥራው በሽተኛው የሚውጠውን እንዲያውቅ፣ ሐኪሙም በሽተኛውን እንዲያውቅ ማድረግ ነው። ባለሙያ ያሠለጥናል፣ የሚነበብ ወረቀት ያሳትማል። መጀመሪያ ሲመጡ አገሬው ስቆባቸው ነበር። አንዱ ሽማግሌ ወረፋ ላይ ቆሞ፣ መድኃኒቱ ያለቀ ቀን ወረቀቱን እንዋጠው እንዴ ብሎ ሰዉን ሁሉ አስቋል።

ይዘንጋሽ ግን አልሳቀችም። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ፊደል ስለቆጠረች እያዘገመችም ቢሆን ታነባለች። ወረቀቱ ላይ የምትወጣ ፀሐይ፣ አንድ ብርጭቆ ሻይና የተቆራረጠ ዳቦ ተሥሏል፤ ከሥሩ «ጠዋት፣ ከቁርስ በኋላ» ይላል። በሊጥ ግድግዳው ላይ ለጠፈችው። ከረቡዕና ዓርብ በቀር ጠዋት ጠዋት በሶዋን በልታ፣ ወደ ወረቀቱ ቀና ብላ አይታ፣ አንዲቷን ክኒን ትውጣለች። በሁለት ሳምንት ማጅራቷ ለቀቃት። አያልነሽን ጠርታ፣ አንገቷን ወዲያና ወዲህ እያዞረች አሳየቻት።

ከዚያ ሁዳዴ ገባ።

ይዘንጋሽ ጾም የያዘችው ከልጅነቷ ጀምሮ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ቅዳሴ ሳይወጣ ውኃም በአፏ አይዞርም። ቅዳሜና እሁድ ብቻ ጠዋት ትቀምሳለች። እንግዲህ ወረቀቱ ከቁርስ በኋላ ይላል፤ ቁርስ የለም፤ ቁርስ ከሌለ ክኒንም የለም። ይህ ለእሷ ጥርት ያለ ነገር ነበር። ክኒኑን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልዋጠው እንዳትል፣ ያ ቁርስ አይደለም፤ ከታዘዘው ውጪ መድኃኒት መዋጥ ደግሞ ደግ እንዳልሆነ ራሳቸው ሐኪሞቹ ነግረዋታል። ስለዚህ ቅዳሜና እሁድ ትውጣለች፤ የአምስቱን ቀን ክኒን ለቅማ ሙዳይዋ ውስጥ ታስቀምጣለች። ጾሙ ሲያልቅ እመልስላቸዋለሁ፣ ለሌላ በሽተኛ ይሆናል ብላ ነው።

መጋቢት ላይ ለቀጠሮዋ ስትሄድ ግፊቷ ወጥቶ ተገኘ። ቴዎፍሎስ ግራ ተጋባ። መድኃኒቱን በትክክል እየወሰደች እንደሆነ ጠየቃት።

«እንደታዘዝኩት ነው ልጄ» አለች። «ዝንፍ አላልኩም።»

እውነቷን ነበር። እሱም አመናት፤ መድኃኒቱ አልበቃትም ብሎ ሁለት ሁለት አድርጋ እንድትውጥ አዘዘላት። ሚያዝያ ላይ፣ ከሆሳዕና በፊት፣ ስትመለስ አሁንም አልወረደም። ያንኑ ጠየቃት፣ ያንኑ መለሰችለት። ሌላ ሦስተኛ ትንሽ ክኒን ጨመረላት። ከኋላዋ የተሰለፈው ሰው ብዙ ነበር፤ ረዘም ላለ ጨዋታ ጊዜ አልነበረውም።

ፋሲካ መጣ። ፋሲካ ሲመጣ ደግሞ ኃምሳው ቀን ሁሉ ፍስክ ነው፤ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። ቁርስ በየቀኑ ሆነ። ይዘንጋሽ እንደ ትእዛዟ በየጠዋቱ ሦስት ክኒን ትውጥ ጀመር።

በዳግማ ትንሣኤ ማግስት፣ ስትፈትል ቆይታ ብድግ ስትል ዓይኗ ጨለመባት፤ የበሩ ደፍ ላይ ወድቃ ግንባሯ ተፈነከተ። በአምስተኛው ቀን ምንጩ ዘንድ ጄሪካኗን ልታነሳ ስትል ደገማት። ደግነቱ አያልነሽ አብራት ነበረች፤ ደግፋ ቤቷ አስገባቻት።

አያልነሽ ነገሩን አስባ ጨርሳለች። «ዓይን ነው» አለች። «ያን ሁሉ ፈትል በአንድ ሳምንት ስትጨርሺ ያየሽ ሰው ነው።»

«ማን ያየኛል? አንቺው ነሽ ያየሽኝ።»

አያልነሽ ለሁለት ቀን አኮረፈች። ስትመለስ ጤና ጣቢያ እንሂድ ብትላትም ይዘንጋሽ አሻፈረኝ አለች። በሄደች ቁጥር አንድ አንድ ክኒን ይጨመርላታል፤ ደግሞ ሄዳ አራተኛ ልትቀበል ነው?

የእናቷን መውደቅ የሰማችው ልጇ ጥሩሸዋ ለግንቦት ልደታ ከደብረ ብርሃን መጣች። እሷ እዚያ ከባሏ ጋር የጨርቅ ሱቅ አላት። ብልህ ሴት ናት፤ ስትናገርም አትጮህም። የእናቷን ግንባር ዳሰሰችና ይህ ኑሮ ከዛሬ ወዲያ እንዳበቃ፣ በጎቹ ለአጎቷ ልጅ እንደሚሰጡ፣ ቤቱም እንደሚዘጋ ዘርዝራ ነገረቻት። ለግንቦት መጨረሻ መኪና ይዛ ትመጣለች።

ይዘንጋሽ እጇን እያሻሸች፣ እዚሁ ብትተዋት እንደሚሻላት ተናገረች።

«እማዬ፣ ወድቀሽ ሰው ሳያይሽ ብታድሪስ?»

የልጇ ቤት መጥፎ ቤት አይደለም፤ ወለሉ ሲሚንቶ ነው፣ ለእሷም አንድ ክፍል አለ። ግን ከሦስት ዓመት በፊት ሄዳ አንድ ወር ተቀምጣለች። ጠዋት ሁሉም ወደየሥራው ይወጣል፣ እሷ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ትላለች፤ እጇ የሚይዘው ነገር ያጣል፤ ቀኑም አልመሽ ይላል። የሚፈተል የለ፣ የሚጣሉት ጎረቤት የለ። ያን ጊዜ የምትመለስበት ቀን ስለነበረ ቻለችው። አሁን ግን የሚዘጋው በር መልሶ የማይከፈት ነው። ልጇ ከሄደች በኋላ በጎቹን አንድ በአንድ እያየች ብዙ ቆመች።

በዚያው ሳምንት እሁድ፣ ቅዳሴ ሲወጣ፣ የነፍስ አባቷ ቄስ መርስዔ ኃዘን አንድ ማስታወቂያ ተናገሩ። ያ የወሰንየለሽ ድርጅት ደመወዟን የሚከፍላት የመድኃኒት ባለሙያ ለጤና ጣቢያው መጥታለች፤ መድኃኒት የሚውጥ ሁሉ በቤቱ ያለውን፣ ያለቀበትንም የተረፈውንም፣ ሰብስቦ በገበያው ቀን ይምጣ አሉ።

ይዘንጋሽ ሙዳይዋን በነጠላዋ ሥር ደብቃ ሄደች። የመንግሥት መድኃኒት አባከንሽ እንዳይሏት ሰግታለች። የመድኃኒት ባለሙያዋ ጽናት ከክፍል አትቀመጥም፤ ከግቢው ውስጥ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ከሰው ጎን ነው የምትቀመጥ። ሙዳዩን ተቀብላ ከፈተች። ክኒኖቹን ቆጠረች፤ ሰባ ስምንት ናቸው። ልጅቷ ግን አልተቆጣችም፤ መድኃኒቱን ውጠዋል አልዋጡም ብላም አልጠየቀችም።

«እማማ፣ ክኒኑን ለጊዜው እንተወውና ውሎዎን ይንገሩኝ» አለቻት። «ከመኝታዎ ሲነሱ ጀምረው።»

«የትኛውን ውሎ? የጾሙን ነው የፍስኩን?»

ጽናት መጻፏን አቆመች። «ይለያያል?»

«እንዴት አይለያይ ልጄ!»

ከዚያ ነገረቻት። የፍስኩን ጠዋት በሶ፣ የጾሙን ዘጠኝ ሰዓት፣ ቅዳሜና እሁዱን፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት፣ የተለቀመውን ክኒን፣ ፋሲካን፣ ደፉን፣ ምንጩን፣ ሁሉንም። ክር እንደሚተረተር መጣላት። ማንም እንዲህ ጠይቋት ስለማያውቅ ይህ ሁሉ ከሕመሟ ጋር የሚያገናኘው ነገር እንዳለ እሷም አላሰበችውም ነበር። ለምን ቁርስ በሌለበት ቀን ሳትውጥ እንደቀረች ጽናት ስትጠይቃት የእሷም ተራ ደርሶ ተገረመች።

«ከቁርስ በኋላ ነው እኮ የሚለው። ቁርስ ሳይኖር ምኑ ላይ ልዋጠው?»

ጽናት ተነሥታ ቴዎፍሎስን ጠራችው። እሱም መጀመሪያ እሷን አስቀምጦ፣ ከዚያ አቁሞ ግፊቷን ለካ። ስትቀመጥ ደህና ነው፤ ስትቆም ግፊቷ ቁልቁል ይወርዳል። ሦስት ክኒን ለአንዲት ቀጭን አሮጊት በዝቶ ኖሯል። በጾሙ የወጣው ደግሞ መድኃኒቱ አንሶ ሳይሆን ጭራሽ ስላልገባ ነው። ቴዎፍሎስ ይህን ሲረዳ ጆሮው ቀላ፤ ከአጠገቧ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ።

«ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም፣ እማማ» አላት። «ይወስዳሉ ወይ እያልኩ ሁለቴ ጠየቅኩ። እንዴት እንደሚወስዱ አንድም ቀን አልጠየቅኩም።»

ይዘንጋሽ ወጣቱ ሲያፍር አሳዘናት። እሷም ብትሆን ሳትጠየቅ አለመናገሯን ነግራ አጽናናችው።

ጾም ይቅር ይሏታል ብላ ፈርታ ነበር፤ አላሉም። ይህ ክኒን ቁርስም ሻይም አይፈልግም፤ የሚፈልገው በየቀኑ አለመቅረት ብቻ ነው አሉ። ታዲያ በጾምም በፍስክም የማይቀር የትኛው ገበታ ነው ሲሏት፣ እራት ነው አለች። እንግዲያው አንዲት ክኒን፣ ማታ፣ ከእራት ጋር። ሌሎቹ ሁለቱ ቀሩ።

«አክፍሎትስ?» አለች ይዘንጋሽ። ከስቅለት ዋዜማ እስከ ትንሣኤ ሌሊት እህል ውኃ የማይቀመስበት ጊዜ ነው። ጽናትና ቴዎፍሎስ ተያዩ። ይህንን የሚመልሰው ሐኪም አይደለም ብለው ወደ ቄስ መርስዔ ኃዘን ላኳት። እሳቸውም ለታመመ ሰው መድኃኒት የተፈቀደ መሆኑን፣ የዋጠ ሰው ጾሙን አፍርሷል እንደማይባል ነግረዋት፣ ይህን ያህል ዘመን ንስሐ ስትገባ ይህችን ሳትነግራቸው መቅረቷን ወቀሷት። እሷም ኃጢአት አልመስል ብሏት እንደሆነ መለሰች።

በዚያ ቀን አግዳሚው ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰው ሁሉ የየራሱ ጉድ ነበረው። እንደ ይዘንጋሽ ቁርስ የጠበቁ አሥራ አንድ ሰዎች ተገኙ። ያ ወረቀቱን እንዋጠው ብሎ ያሳቀው ሽማግሌ ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነበር፤ የአምስቱን ቀን ውዝፍ ቅዳሜ ጠዋት በአንዴ ሲያወራርድ ከርሟል። እሱን ስትሰማ ጽናት እጇን አፏ ላይ ጫነች።

ይዘንጋሽ ለልጇ ስልክ አስደወለች። የአወዳደቋን ምክንያት ነግራ፣ ጊዜ እንድትሰጣት ለመነቻት። ጥሩሸዋ አላመነቻትም። አሁን በፍስኩ ደህና ሆነሽ ጾም ሲመጣ ብትወድቂስ አለቻት። ተከራክረው ተከራክረው በአንድ ነገር ተስማሙ። የሰኔ ጾም እየደረሰ ነው። ያን ጾማ፣ ሐምሌ አምስት ፈትታ፣ አንድም ቀን ካልወደቀች ትቀራለች። ከወደቀች ያለ ክርክር ትሄዳለች። አያልነሽ ምስክር ሆነች። ምስክርነቷንም አጥብቃ ያዘችው፤ በየጠዋቱ አጥሩ ላይ ብቅ ብላ ወደቅሽ ወይ ትላታለች፤ ይዘንጋሽም ብወድቅ ከሁሉ በፊት ለአንቺ ነው የምነግርሽ ትላለች።

ሰኔ አጋማሽ ላይ የድርጅቱ ኃላፊ፣ ሰውነት የሚባለው፣ መጣ፤ የወሰንየለሽ የበኩር ልጅ ነው፣ እሱም ፀጉሩ ሸብቷል። ጽናት የጻፈችለትን አንብቦ ሰዎቹን ራሱ ሊሰማ ነው የመጣው። በጤና ጣቢያው ግቢ ሰበሰባቸውና ወረቀቱን ከፍ አድርጎ ይዞ ምኑ እንዳላማራቸው ጠየቀ። እንግዳ ማስቀየም ነውር ነውና ሰው ሁሉ ወረቀቱን አመሰገነ። ይዘንጋሽ ብድግ አለች።

«አባቴ፣ ይህን ሥዕል የሣለው ሰው ረቡዕ ቁርስ ይበላል?»

ግቢው በሳቅ ተሞላ። ሰውነትም ሳቀ፤ ሥዕሉ አዲስ አበባ እንደተሣለ፣ እሱም አይቶ አምሮልሃል ብሎ እንዳሳተመው ተናዘዘ። ሳቁ ሲበርድ ድምፁ ዝቅ አለ። እናቱ ከመሞቷ በፊት ሁለቱን ሐኪም ቤቶች ያመላለሳት እሱ እንደነበረ፣ ያየቻቸው ባለሙያዎች ሁሉ ደግ እንደነበሩ፣ ግን ከእነሱ አንዱም፣ እሱም ራሱ፣ ቤትሽ ያለውን መድኃኒት ሁሉ አምጪና አሳዪኝ እንዳላላት ነገራቸው። ቢጠይቋት በደስታ ትዘረግፈው ነበር አለ። ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። ይዘንጋሽ ወሰንየለሽን አታውቃትም፤ ግን መሐረቧን ፈትታ ክኒኖቿን ስትዘረግፍ ታየቻት።

ሰውነት ከመሄዱ በፊት ወረቀቱ እንደገና እንዲሣል፣ ጽናትም ሁለት ዓመት እንድትቆይ፣ በቀየትና በራቤል ጤና ጣቢያዎችም እንዲሁ አግዳሚ ላይ የምትቀመጥ ባለሙያ እንዲቀጠር ቃል ገባ። የአዲሱ ወረቀት ረቂቅ መጀመሪያ የሚታየው ለይዘንጋሽና ለሽማግሌው ነው ተባለ። ሽማግሌው በዚህ ኮራና ኮሚቴ ነኝ ማለት ጀመረ።

ሐምሌ አራት ከሰዓት በኋላ ጥሩሸዋ በዝናብ ረጥባ መጣች። ሁለት ባዶ ማዳበሪያ ይዛለች፤ የእናቷን ዕቃ ለመጠቅለል ነው። መንገድ ላይ አያልነሽን ጠይቃ አልወደቀችም ብትባልም፣ አያልነሽ ለእናቷ እንደምታደላ ታውቃለች። ባለፈው የወደቀችው ጾም ከተፈታ በኋላ ነውና የፍስኩን ጠዋት ራሷ ማየት ፈለገች።

በማግስቱ ይዘንጋሽ በቅቤ የራሰ ቂጣና እንቁላል አቀረበች። ሁለቱም በሉ። ጥሩሸዋ እናቷን እንደ ቆቅ ትጠብቃለች። ይዘንጋሽ እጇን ታጠበች፣ ተነሣች፣ ነጠላዋን አጣፋች፣ ጭቃውን እየሸሸች ወጥታ በጎቹን ፈታች። ጉሙ ውጧት ቆየና ጥሩሸዋ ደንግጣ ብድግ ስትል፣ እናቷ ደህና ሆና፣ በግ እየተቆጣች ተመለሰች። ጥሩሸዋ ግን ሐኪም ሳይነግረኝ አላምንም አለች። ተያይዘው ሞላሌ ወረዱ።

ቴዎፍሎስ አስቀምጦም አቁሞም ለካ። ደህና ነው፤ ስትቆምም አይወርድም። ጥሩሸዋ ጥያቄዋን ሁሉ ጠየቀች፤ ክኒኑ ምን እንደሚሠራ፣ ቢቀር ምን እንደሚሆን፣ በምን ምልክት እንደሚታወቅ። እሱም አልቸኮለም፤ አንድ በአንድ አስረዳት። በመጨረሻ ጽናት፣ ከመጡ አይቀር የእርስዎንም እንየው ብላ የጥሩሸዋን ክንድ ጠቀለለች። ለካች። ደግማ ለካች። የልጅቱ ግፊት ከእናቷ ይበልጣል።

ይዘንጋሽ ልጇን ከራስ እስከ እግሯ አየቻት።

«እንግዲህ እዚህ ላስቀርሽ?» አለቻት።

ጥሩሸዋ መጀመሪያ ተኮሳተረች፤ ከዚያ መሳቅ ጀመረችና አላቆም አለች። ጽናት አጠገቧ ተቀመጠችና ውሎዋን ከመኝታዋ ስትነሣ ጀምሮ እንድትነግራት ጠየቀቻት። ብዙ ተናገረች፤ ለእናቷም ያልነገረቻት ነበረበት። ደብረ ብርሃን ሄዳ የምትከታተልበት ወረቀት ጻፉላት።

ከሰዓት በኋላ ይዘንጋሽ ከቤት በሶና ጎመን ሞልታ ያወረደችውን አንዱን ማዳበሪያ አስይዛ ልጇን አውቶቡስ አሳፈረቻት። ጥሩሸዋ በመስኮት ብቅ ብላ ለመስቀል እመጣለሁ አለች፤ ስለ ቤቱ መዘጋት ግን አላነሣችም። ይዘንጋሽ አውቶቡሱ እስኪሞላ አልጠበቀችም። ሸማኔው ለቅዳሜ የሚፈልገው ፈትል ግማሹ አልተነካም፤ ዝናቡም ሳይመለስ ዳገቱን መውጣት አለባት።